ሕመምን መናገር ምሬት ነውን?

የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። እንዴት ነህ፣ እንዴት ከረምክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ እየተባለ ይቀጥላል። መልሱ ግን አጭርና አንድ ዓይነት ነው፤ ‹‹ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን››፣ ወይም ‹‹አልሐምዱሊላህ››። ይኽን መልስ ወገቡን የሚያመውም ይሰጠዋል፣ ልጁ ሥራ ያጣበትም ይሰጠዋል፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ያነጋውም ይሰጠዋል። ውሸት ነው ብሎ የሚከሰው ግን የለም። ጠያቂውም ተጠያቂውም የሚግባቡበት ቃል ነውና። ትርጉሙ ‹‹አለሁ፤ ሸክሜን መንገድ ላይ አውርጄ በአንተ ትከሻ ላይ አልጥልም›› ማለት ነው። ጨዋነት ነው፤ እምነትም አለበት።

የእኔ ጥያቄ ይኸው መልስ ከደጃፍ ሰላምታ አልፎ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ምን ይሆናል የሚል ነው። እዚያም ጨዋነት ሆኖ ይዘልቃል? ሕመሙን አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው እያማረረ ነው ወይስ እየመሰከረ? ነገሩ በጥቅሉ ሲነሣ ቀላል ይመስላል። እኔን ያሳሰበኝ ግን በጥቅሉ ሳይሆን በአንድ በምወዳቸው ሰው ምክንያት ነው።

ያሳደጉኝ አጎቴ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ስሙ ለአፍ የሚከብድ የደም ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ይባላል። የአጥንት መቅኒ ማንም ሳያዘው ቀይ የደም ሕዋሳትን ከመጠን በላይ ያመርታል። ብዙ ጊዜ ነጮቹን ሕዋሳትና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌቶችም አብሮ ያበዛል። ደሙ ይወፍራል። የወፈረ ደም በቀጭን ሥር ውስጥ እንደ ልቡ አይሄድም፤ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ያረፈው አንጎል ላይ ከሆነ ግማሽ አካልን ይይዛል፣ ልብ ላይ ከሆነ በድንገት ሊገድል ይችላል። በሽታው ብርቅ ነው። በዓመት ውስጥ አዲስ የሚይዛቸው ሰዎች ከ100,000 መካከል ከአንድ እስከ ሦስት ቢሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ስሙ ነበር። ሐኪሟ ‹‹አባባ፣ ደም በዝቶብዎታል›› ስትላቸው አጎቴ ‹‹ደም ብዛትማ ድሮም አለብኝ፤ ኪኒን እወስዳለሁ›› አሏት። እውነታቸውን ነው። አማርኛችን ደም ብዛት የሚለውን ስም ለደም ግፊት ሰጥቶ ጨርሷል። ደሙ በእርግጥ የበዛበት ሰው ሲመጣ ስሙ ተይዞ ይጠብቀዋል። ለጎረቤት ማስረዳትማ የባሰ ነው። ደም ማነስን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያዝንለታል፣ ጉበትና ቀይ ሥር ብላ ብሎ ይመክራል። ደም በዛ ሲባል ግን ‹‹ታዲያ ምን አለበት? ለሌላው የጎደለው ለእሳቸው ተርፎ!›› ተብሎ ይሳቃል።

የራሱ ስም የሌለው ሕመም በሌሎች ስም ይኖራል። ራስ ምታቱ የምች ነው ይባላል። ጥቂት ጎርሶ መጥገብና ከግራ የጎድን አጥንት ሥር መክበድ የሚመጣው ጣፊያ አብጦ ጨጓራን ሲጫን ነው። እኛ ግን ጨጓራ ብለን እናልፈዋለን፤ በአዲስ አበባ ጨጓራ ያልተባለ ምን ሕመም አለ? የእግር ጣቶች መቅላትና መቃጠል በጫማ ይመካኛል። የአውራ ጣት ማበጥ ሪህ ይባላል፤ ሪህ ሊሆንም ይችላል፣ ሕዋሳቱ ሲበዙ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድም ይበዛልና። ሌሊት ማላብ የብርድ ልብሱ ጥፋት ይሆናል። ከሁሉ የሚገርመው ከታጠቡ በኋላ የሚነሣው ማሳከክ ነው። ሽፍታ የለው፣ እብጠት የለው፤ ሰውየው ከውኃ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ገላውን እንደ መርፌ ይወጋጋዋል። አጎቴ በዚህ የተነሣ ሦስት ዓይነት ሳሙና ለውጠዋል። ይኽ ማሳከክ በሽታው ከመታወቁ ከዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ የሚያስፈራ ነገር የለበትም፤ የራሱ ምክንያት፣ የራሱ መድኃኒት አለው። ራስ ምታቱ ለፋርማሲው፣ ማሳከኩ ለሳሙናው፣ ጥጋቡ ለጨጓራ ሐኪሙ ተከፋፍሎ ይሰጣል። በሽታውን የሚያየው የተበተኑትን ምልክቶች በአንድ ላይ የሰበሰበ ሰው ብቻ ነው። ሰብሳቢው ደግሞ መጀመሪያ ከበሽተኛው አፍ መስማት አለበት። በሽተኛው ዝም ካለ የሚሰበሰብ ነገር አይኖርም።

በሽታው ራሱ የታወቀው እንዲህ በመሰብሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ልዊ አንሪ ቫኬዝ የተባለ የፓሪስ ሐኪም ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ አንድ በሽተኛ ነበረው። የሰውየው ፊት በርበሬ መስሎ ጠቁሯል፣ ደም ሥሮቹ ተወጥረዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ጉበቱና ጣፊያው አብጠዋል። ቫኬዝ እነዚህን ሁሉ ከደሙ መብዛት ጋር አያይዞ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ኦስለር ተመሳሳይ በሽተኞችን ሰብስቦ ይኽ ራሱን የቻለ በሽታ ነው አለ። ከዚያ አንድ መቶ ዓመት አልፎ እ.ኤ.አ. በ2005 በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ፣ በስዊዘርላንድና በአሜሪካ የሚሠሩ ቡድኖች ጃክ 2 በሚባል ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ አገኙ። ዛሬ ከመቶ በሽተኞች በዘጠና አምስቱ ገደማ ይኽ ለውጥ ይታያል። ለውጡ እንደ ውርስ ከወላጅ የሚመጣ ሳይሆን ሰውየው በሕይወቱ ዘመን መቅኒው ውስጥ የሚያገኘው ነው።

የድሮዎቹ ሐኪሞች ምርመራቸውን የጀመሩት ከፊት ቀለም ነበር። የሕክምና መጻሕፍት እስከ ዛሬ ‹‹የቀላ ፊት›› ይላሉ። የማን ፊት? ነጭ ፊት ሲቀላ ከሩቅ ይታያል። በአጎቴ ጠይም ፊት ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ይልቁንም ‹‹ፊትዎ ወዝ አለው፣ አምሮብዎታል›› እየተባሉ ይመረቃሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መፈለግ ያለበት ሌላ ቦታ ነው፤ የዓይን ሽፋን ውስጡ፣ የዓይን ነጩ፣ መዳፍ፣ ድድ። መጽሐፍ የነገረንን ብቻ ብንፈልግ ፊታችን የቆመውን ሰው ሳናየው እንቀራለን።

የደም ምርመራውም ቢሆን ማለፊያ ምክንያት አያጣም። ቀይ የደም ሕዋስ በዝቶ ሲገኝ ‹‹ደገኛ ነው፣ ከፍታ ነው›› ማለት ይቀላል። በእርግጥም በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ከቆላው ሰው ይልቅ የወፈረ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ተገኘ። ይኽ ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ቁጥር ነው። እንግዲህ ሄሞግሎቢኑ 19 የሆነን የአዲስ አበባ ሰው በከፍታ አሳብቦ ወደ ቤቱ መመለስ አይገባም ማለት ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ለዚህ በሽታ የሚቆሙ ምስክሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቁጥሩ ነው። ቀይ ሕዋሳቱ ከደሙ ውስጥ ምን ያህሉን እጅ እንደያዙ የሚለካው ሄማቶክሪት ይባላል፤ በሕክምና ከ45 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ለምን 45? እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመ የኢጣልያ ጥናት 365 በሽተኞችን ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ከ45 በታች እንዲሆኑ ከተደረጉት 182 ሰዎች መካከል በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ወይም ከባድ የደም መርጋት የደረሰባቸው 5 ነበሩ። ከ45 እስከ 50 ባለው ከተተዉት 183 ሰዎች መካከል ግን 18 ሆኑ። እነዚያ አሥራ ስምንት ሰዎች ከመታመማቸው በፊት ‹‹እንዴት ነህ?›› ቢባሉ ብዙዎቹ ‹‹ደህና›› ይሉ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ያሉትም እንደተሰማቸው ነው። ስለዚህ የሰው ቃል ብቻውን አይበቃም። ‹‹ምንም አልተሰማኝም›› ማለት ‹‹ምንም የለብኝም›› ማለት አይደለም።

ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩን ለማውረድ የሚደረገው ዋነኛ ነገር ደም ማውጣት ነው፤ አንድ ሰው ለሌላው ሲለግስ እንደሚሰጠው ያህል፣ ወደ ግማሽ ሊትር ገደማ ይቀዳል። አጎቴ መጀመሪያ ጊዜ ሲቀዱ ‹‹ይኸን ሁሉ ተምራችሁ ተመልሳችሁ ዋግምት ገባችሁ?›› ብለው ነርሷን አስቀዋታል። ይኽ ሲደጋገም ግን በገላ ውስጥ ያለው ብረት ያልቃል። መቅኒው ብረት ካጣ ሕዋስ ማብዛት ይሳነዋል፤ ሕክምናውም ይኽንኑ ይፈልጋል። ሰውየው ግን ይዝላል፣ ሐሳቡ ይበታተናል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ለብርታት ብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ የብረት ኪኒን ቢውጥ ደግሞ ደሙ ተመልሶ ይበዛል። እንግዲህ ወረቀቱ ‹‹44፣ መልካም›› በሚልበት ቀን ሰውየው ከአልጋው መነሣት ሊያቅተው ይችላል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ሰውየውም አልዋሸም። እያንዳንዳቸው የመሰከሩት ያዩትን ነው። አንድ ምስክር ብቻውን ነገር አያጸናም ሲባል የኖረው ለዚህ ይመስለኛል።

የሕክምናው ዓለም የሁለተኛውን ምስክር ቃል በወጉ መቀበል የጀመረው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እነ ሩበን ሜሳ አሥር ጥያቄ ያለበት አጭር ቅጽ አወጡ። ድካም፣ ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ ሕመም፣ ሥራ መፍታት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የሌሊት ላብ፣ ማሳከክ፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ። በሽተኛው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። ድምሩ በየጊዜው ይነጻጸራል፤ ከፍ ሲል ሕክምናው መለወጥ አለበት ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከደም ማውጣት ሌላ መድኃኒቶችም አሉና መልሱ በእጅጉ ይፈለጋል።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሟ ቅጹን ዘርግታ ስትጠይቅ አጎቴ ለአሥሩም ‹‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን›› አሉ። ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ማታ አንሶላው እስኪርስ እንዳላባቸው አውቃለሁ። ግማሽ እንጀራ መጨረስ እንዳቃታቸው አውቃለሁ። ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል? ያሳደገን ሰው በሰው ፊት ‹‹አይደለም›› ማለት ነውር ነው። ዝም ማለትስ? ሐኪሟ 0 ብላ ጽፋ፣ በዚያ 0 ተመርታ መድኃኒት ልትወስን ነው። ደግሞስ ሕመሙ የማን ነው? የሌላን ሰው ሕመም እኔ በእሱ ፋንታ የመናገር መብት አለኝ? ስለ ራሱ ዝም ማለት የፈለገ ሰው ዝምታው ሊከበርለት አይገባም?

በእሳቸው ላይ አልተናገርኩም። ከውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን መድኃኒት ስንጠብቅ ግን ጠየቅኋቸው።

‹‹ጋሼ፣ የሌሊቱን ላብ ለምን አልነገሯትም?››

‹‹ልጄ፣ ይቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ስንት በሽተኛ አየች? እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ይኼ አሳከከኝ፣ ይኼ ቆረጠመኝ ልበላት? ሰው ሲያረጅ እንዲህ ያለው ነገር ልመና ይመስልበታል።››

ልመና። ይኽን ቃል ባልሰማ ኖሮ ነገሩ አይገባኝም ነበር። አጎቴ ሐኪም አልናቁም፣ በሽታውንም አልካዱም። ዕድሜ ልካቸውን በማንም ላይ ሸክም ሳይሆኑ ኖረው፣ በመጨረሻ ሕመማቸውን እንደ ምጽዋት ጨርቅ መዘርጋት ከበዳቸው። ይኽን ክብር የሚንቅ ሰው እኔን አይምሰል። ጥያቄው ክብርን ሳይነኩ እውነቱን እንዴት ማውጣት ይቻላል የሚል ሆነ።

መልሱን የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። በጎልማሳነታቸው በአንድ የገጠር ከተማ የዝናብ መጠን መዝጋቢ ነበሩ። በየጠዋቱ የዝናብ መለኪያውን አይተው በቅጽ ላይ ይጽፋሉ፤ ወር ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። እናም ሌላ ቀን እንዲህ ስል ጠየቅኋቸው።

‹‹ዝናብ ያልዘነበ ዕለት ምን ይጽፉ ነበር?››

‹‹0 ነዋ!››

‹‹ባዶ ቢተዉትስ?››

‹‹ባዶማ ዘነበ አልዘነበ ሳይታወቅ ቀረ ማለት ነው። ባዶና 0 አንድ አይደሉም።››

‹‹ዘንቦ ሳለ 0 ብሎ የጻፈስ?››

ዝም አሉ፤ ከዚያ ‹‹እሱማ ሌባ ነው›› አሉ። ቀጥለውም ሳቁ። ወዴት እየወሰድኳቸው እንደሆነ ገብቷቸዋል።

ያ ሰው ዝናቡን ሲመዘግብ እያማረረ አልነበረም። ዝናብ በዛብኝ፣ አነሰብኝ ብሎም እየለመነ አልነበረም። የሆነውን ለማያየው ሰው እያሳወቀ ነበር። ቁጥሩን የሚጠብቅ፣ በቁጥሩ የሚወስን ሩቅ ያለ ሰው ነበርና የእሱ ታማኝነት ለራሱ ብቻ አልነበረም። ምሬትና ምስክርነት የሚለያዩት እዚህ ይመስለኛል። ምሬት አድማጩን ‹‹እዘንልኝ›› ይለዋል፤ ምስክርነት ‹‹እወቅልኝ›› ይለዋል። ምሬት ዛሬ ከትናንት እንዲብስ ይፈልጋል፣ አለዚያ የሚሰማው ያጣል። ምስክርነት ግን ሲሻለው ተሻለኝ ለማለት አያፍርም። ስለዚህ 0 መጻፍ የሚችል ሰው ብቻ ነው 7 ሲጽፍ የሚታመነው።

ብርቅ በሆነ በሽታ ደግሞ ይኽ ግዴታ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ጉንፋን የያዘው ሰው ስለ ጉንፋኑ ዝም ቢል ሚሊዮኖች ይናገሩለታል። ከመቶ ሺህ አንዱን የሚይዝ በሽታ ግን ምስክሮቹ ጥቂት ናቸው፤ የአንዱ ዝምታ ከመዝገቡ ላይ ትልቅ ገጽ ይቀድዳል። ዛሬ ከመታጠብ በኋላ የሚያሳክከው አንድ ሰው ‹‹ይኽን ለሐኪም ልንገር ወይ?›› ብሎ ቢጠይቅ አዎን የምንለው ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ሳያፍሩ ስለተናገሩ ነው።

የሚቃወመኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ‹‹ሰው ራሱን ሲያዳምጥ ይውላል እንዴ? ያልነበረውን ሕመም ይፈጥራል›› ይለኛል። እውነት አለው። ከጠዋት እስከ ማታ ምቱን የሚቆጥር፣ ምላሱን በመስተዋት የሚያይ፣ ከሕመሙ በቀር ወሬ የሌለው ሰው አይተናል። እንዲህ ያለው ሰው ሕመሙን አይመዘግብም፣ ያመልከዋል። ነገር ግን ለዚህም መድኃኒቱ መዝገቡ ራሱ ነው። ዝናብ መዝጋቢው ቀኑን ሙሉ መለኪያው ሥር አይቆምም፤ በሰዓቱ ያያል፣ ይጽፋል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። አጎቴም ቅዳሜ ማታ ከእራት በፊት አሥሯን ቁጥር በደብተር ይሞላሉ፤ ከዚያ ደብተሩ ይዘጋል። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሕመም አናወራም። የማይጠብቁት ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአፍ መጣመም፣ የደረት ሕመም፣ ድንገት የዓይን መጨለም፣ የአንድ እግር ማበጥ። እነዚህ ቅዳሜን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው።

ለእኔም ሥርዓት ተበጅቶልኛል። ደብተሩን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ብዕሩን አልነካም። ያየሁትን ግን ቅዳሜ ማታ እነግራቸዋለሁ፤ ተቀብለው ይጽፉታል ወይም ‹‹አይ፣ ተሳስተሃል›› ብለው ይተዉታል። ይኽ ለእኔ ተገቢ ድንበር ይመስለኛል። የሌላ ሰው ሕመም ላይ የሚኖረን መብት የማስታወስ እንጂ የመውረስ አይደለም።

አሁንም የሚቀረው የአድማጩ ዕዳ ነው። ምስክር ቢናገር ዳኛው ካንቀላፋ ምን ይጠቅማል? ‹‹እንዴት ነህ?›› ብለን መልሱን ሳንጠብቅ የምናልፍ እኛ ነን ‹‹ደህና›› የሚለውን ቃል ያስተማርነው። የምንጠይቀው ለሰላምታ ከሆነ ለሰላምታ ይሁን፤ ያ የቆየ ውበታችን ነው፣ ይቅር አልልም። ለማወቅ የምንጠይቅ ከሆነ ግን ወንበር ስበን እንቀመጥ፣ ቁጥር ይሁን ቃል የሚነገረንን እንስማ፣ ‹‹እርጅና ነው›› ብለን አንዝጋበት። አጎቴ ባለፈው ቀጠሮ ደብተሩን አውጥተው ለሐኪሟ ሰጧት። ለሌሊት ላብ 6፣ ለማሳከክ 4፣ ለትኩሳት 0 ይላል። እሷም አነበበች፣ ጥያቄ ጠየቀች፣ አንድ መድኃኒት ለወጠች። ስንወጣ በረንዳው ላይ አንድ የድሮ ጓደኛቸው አገኛቸውና እንዴት ነህ አላቸው።

‹‹ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን›› አሉት። በዚያ ቦታ፣ ለዚያ ሰው፣ ትክክለኛው መልስ እሱ ነበር።